ገበያና ጣሪያው፦ ከአራዳ እስከ ወልቂጤና ቡታጅራ

የዚህ ንግግር ርእስ የገበያ አዳራሽ ነው። የገበያ አዳራሽ ሲባል ጣሪያና ግድግዳ ኖሮት፣ ውስጡ በመደብና በሱቅ ተከፋፍሎ፣ ሳምንቱን ሙሉ ብዙ ሻጮች በአንድነት የሚነግዱበት የሕዝብ ሕንፃ ማለት ሲሆን፣ የንግግሩ ዓላማም እንዲህ ያለው ግንባታ በኢትዮጵያ ከተሞች፣ በተለይም በአዲስ አበባ፣ እንዴት እንደመጣና ሲመጣም በሻጭና በቦታ መካከል የነበረውን ግንኙነት እንዴት እንደለወጠው ማስረዳት ነው። ጉዳዩ በጉራጌ ከተሞች በወልቂጤና በቡታጅራ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአዲስ አበባን መርካቶ ታሪክ ጉራጌን ሳይጠቅሱ መጻፍ አይቻልም፣ የወልቂጤና የቡታጅራ ገበያም መሠረቱ የሜዳ ገበያ በመሆኑ መርካቶ ያለፈበት ጥያቄ ለሁለቱም ከተሞች ዛሬም የቀረበ ጥያቄ ነው።

የንግግሩ ዋና ሐሳብ በአጭሩ ሲገለጽ፣ የሜዳ ገበያ ለሻጩ የቀን መብት የሚሰጥ ሲሆን የጣሪያ ገበያ ግን የቦታ መብት ይሰጣል የሚል ነው። ሰዎች ስለ ገበያ አዳራሽ ሲያስቡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታያቸው ከዝናብ፣ ከጭቃና ከፀሐይ ማስጠለሉ ነው፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ጣሪያ ከዝናብ ከማስጠለሉ በላይ የሚሠራው ሌላ ሥራ አለ፤ ይኸውም ቦታን በስም የሚመዘገብ፣ ኪራይ የሚከፈልበት፣ የሚወረስና የሚሸጥ ሀብት ያደርገዋል። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ የሜዳ ገበያ ሥርዓት፣ ቀጥሎም ከአራዳ እስከ መርካቶ ያለው ታሪክ፣ ከዚያም በመርካቶ ይዞታ ላይ የተፈራረቁት ሕጎች ይታያሉ፤ በመጨረሻም ንግግሩ ወደ ጉራጌ ነጋዴና ወደ ሁለቱ ከተሞች ይመለሳል።

በሜዳ ገበያ ሻጩ በማለዳ ሸክሙን ተሸክሞ ወይም በአህያ ጭኖ ይመጣል፣ በለመደው ስፍራ ዕቃውን ይዘረጋል፣ የዕለቱን ቀረጥ ይከፍላል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የተረፈውን ይዞ ይሄዳል፤ በነጋታው ሜዳው ባዶ ነው። ይህን ሲያዩ ቦታው ባለቤት የሌለው፣ ሥርዓት የሌለው የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቅቤ ሻጮች ከቅቤ ሻጮች፣ ቆጮ ሻጮች ከቆጮ ሻጮች ጋር ይቀመጣሉ፣ ከብት ከእህል ተለይቶ ይቆማል፣ የጎረቤት ገበያዎችም ሻጩና ገዢው ከአንዱ ወደ ሌላው መዞር እንዲችሉ ቀን ተከፋፍለው ይውላሉ። የሁሉም የሆነን ሜዳ በሥርዓት መጠበቅ ለጉራጌ ሰው እንግዳ ነገር እንዳልሆነም ጀፎረ ምስክር ነው። ጀፎረ በሁለት የቤቶች ረድፍ መካከል የሚዘረጋው ሰፊና ሣር የለበሰ የመንደር አውራ ጎዳና ሲሆን፣ ሠርግም ሐዘንም በዓልም የሚከናወንበት፣ ማንም አጥር ሊያስገባበት የማይፈቀድለት፣ በባህላዊው ሕግ የሚጠበቅ የጋራ መሬት ነው። እንግዲህ ገላጣ መሆን ልቅ መሆን አይደለም፤ ልዩነቱ የሜዳው ሥርዓት ሰውን የሚያውቀው በመገኘቱ እንጂ በመዝገብ አለመሆኑ ነው። ያልመጣ ሻጭ በዚያ ቀን ቦታ የለውም፣ የመጣ ሁሉ ግን ትንሽም ቢሆን ቦታ አያጣም።

ጣሪያ ይህን ሥርዓት ምን እንደሚያደርገው ለማየት ለአፍታ ወደ ውጭ መመልከት ይጠቅማል። የኦቶማኑ ሱልጣን ዳግማዊ መሐመድ እ.ኤ.አ. በ1453 ቁስጥንጥንያን ከያዘ በኋላ የዛሬው የኢስታንቡል ታላቁ ገበያ እምብርት የሆነውን ባለ ጉልላት የድንጋይ ገበያ ያሠራው ለነጋዴዎች ምቾት ብቻ አልነበረም፤ የሱቆቹ ኪራይ ወደ መስጊድነት ለተቀየረችው ለአያ ሶፍያ በወቅፍ፣ ማለትም ለሃይማኖት ተቋም ለዘለቄታው በሚሰጥ የሀብት ስጦታ፣ እንዲገባ ታስቦ ነበር። ሕንፃው ሲታነጽ ኪራዩም አብሮ ታንጿል ማለት ነው። በፓሪስ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቪክቶር ባልታር በብረትና በመስታወት የነደፋቸው የሌ አል አዳራሾች ለብዙ አገሮች አርአያ ሆነው ሳለ፣ የጅምላ ንግዱ እ.ኤ.አ. በ1969 ከከተማ ውጭ ወዳለው ወደ ረንዢስ ሲዛወር አዳራሾቹ ሥራ ፈቱ፣ ብዙም ሳይቆይ ፈረሱ። ሁለቱ ምሳሌዎች የሚያሳዩት የተለያየ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ጣሪያ ገቢ እንደሚወልድ፣ ሁለተኛው ግን ንግድ ከጣሪያው ይልቅ መንገድን ተከትሎ እንደሚሄድ ነው። ሁለቱም ነገሮች በኢትዮጵያ ታይተዋል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ትልቁ ገበያዋ አራዳ ነበር። አራዳ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለው ገላጣ ስፍራ የሚውል፣ በተለይ ቅዳሜ ከሩቅም ከቅርብም የሚመጣ ሰው የሚያጥለቀልቀው የሜዳ ገበያ ሲሆን፣ አዋጅ የሚነገረውም ሕዝብ በተሰበሰበበት በዚያው ነበር። የገበያው ሹም ነጋድራስ ይባላል፤ ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ሲሆን ቀረጥ የመሰብሰብና በነጋዴዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር የመዳኘት ሥልጣን ነበረው። ከነጋድራሶቹ ዋነኛው ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የንግድ ሚኒስትር መሆናቸው ገበያ በመንግሥት ዓይን የነበረውን ክብደት ያመለክታል። በሜዳው ዙሪያ ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮችና ዓረቦች የድንጋይና የቆርቆሮ ሱቆች ሠሩ፤ ከሕንዶቹ የመሐመድአሊ ድርጅት ስሙ የታወቀ ነበር። በዚህም አራዳ ላይ አንድ ሥዕል ተፈጠረ፦ መሐል ሜዳው ላይ በቀን መብት የሚነግድ የአገሬው ሰው፣ ዳር ዳሩን በቦታ መብት የሚነግድ የውጭ አገር ሰው። ይህ ሥዕል ለሚከተለው ታሪክ ቁልፍ በመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ የጉራጌ ነጋዴ ታሪክ በአብዛኛው ከመሐሉ ሜዳ ወደ ዳሩ ሱቅ የተደረገ የረጅም ዘመን ጉዞ ነውና።

የፋሺስት ጣሊያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የከተማይቱ ፕላን በዘር ልዩነት ላይ ተመሥርቶ ተነደፈ። በዚህ ፕላን መሠረት አራዳ ለአውሮፓውያን የንግድና የመዝናኛ ስፍራ ሆኖ ፒያሳ ሲባል፣ የኢትዮጵያውያን ገበያ ግን ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ‹‹መርካቶ ኢንዲጄኖ››፣ የአገሬው ተወላጆች ገበያ፣ የሚል ስም ተሰጠው። በቀጥታ መስመሮች የተሸነሸነው አዲሱ ሰፈር ለተራ አመዳደብ የተመቸ ነበር፤ ተራ የሚባለው አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጥበት የሱቆች ረድፍ ሲሆን፣ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ምናለሽ ተራ እየተባለ እስከ ዛሬ ይጠራል። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ገበያው ወደ አራዳ አልተመለሰም። ለመለያየት ተብሎ የተሠራ ስፍራ ለምን አልተተወም ቢባል፣ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሱቁ ተሠርቷል፣ ደንበኛው ለምዷል፣ የመኪናው መንገድም ወደዚያ ዞሯል። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት አዲስ ከተማ በተባለው በዚህ ሰፈር የግንብ ሱቆች በረከቱ፣ ነጋዴው እስካሁን አዳራሽ እያለ የሚጠራው የተሸፈነ ገበያም ተተከለ። በሌሎች ከተሞችም የዚህ ዓይነት ሥራ ይገኛል፤ የድሬዳዋው ቀፊራ በቅስት በሮቹ የታወቀ ነው።

ይሁን እንጂ መርካቶን ለመረዳት ከአዳራሹ ይልቅ በረንዳውን ማየት ይበልጣል። በረንዳ ከሱቅ ፊት ለፊት ባለው የቆርቆሮ ክፈፍ ሥር የሚገኘው ጠባብ መተላለፊያ ሲሆን፣ እህል በረንዳ፣ በርበሬ በረንዳ፣ ጎጃም በረንዳ የተባሉት ሰፈሮች ከዚሁ ስያሜ ወስደዋል። በበረንዳ የሚቀመጠው ሻጭ ሱቅ የለውም፣ ሜዳም ላይ አይደለም፤ ከባለ ሱቁ ጋር ባለው ስምምነት፣ አንዳንዴ በኪራይ አንዳንዴ በዝምድና፣ ግማሽ ጣሪያና ግማሽ መብት ያገኛል። ከገጠር የመጣ ወጣት በተሸካሚነት ወይም በሊስትሮነት ጀምሮ፣ አሮጌ ልብስ በዕቃ እየለወጠ ልዋጭ ሠርቶ፣ ከዚያ በጉልት ተቀምጦ፣ ቀስ በቀስ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳም ወደ ሱቅ የሚሸጋገረው በዚህ መወጣጫ ነው። ጉልት የሚባለው መሬት ላይ በትንሽ በትንሹ ደርድሮ መቸርቸር ሲሆን፣ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ለመሻገር የሚያስፈልገው ገንዘብ በአብዛኛው የሚገኘው ከዕቁብ፣ ማለትም አባላቱ በየጊዜው እኩል እያዋጡ በዕጣ ተራ በተራ ከሚወስዱት ማኅበር ነበር። የዓረብ ነጋዴዎች ቁጥር በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እየሳሳ ሲሄድ የለቀቁትን ሱቅ በብዛት የያዙት በዚህ መወጣጫ የመጡት የጉራጌ ነጋዴዎች መሆናቸው የሚያስገርም አይሆንም፤ በበረንዳው ላይ ሆነው የሱቁን ሥራ ለዓመታት ሲያዩት ኖረዋልና።

እዚህ ላይ ወደ ይዞታ ጥያቄ መግባት ያስፈልጋል። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ነጋዴው ከባለቤትነት ወይም ከግል ተከራይነት ወደ መንግሥት ተከራይነት ተዛወረ። ውጤቱ ግን አዋጁ ካሰበው ጋር የሚገጥም አልነበረም፤ ኪራዩ በየዘመኑ ከነበረው የገበያ ዋጋ እጅግ ዝቅ ብሎ በመቅረቱ፣ በኪራዩና በሱቁ እውነተኛ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት በነጋዴዎች ዘንድ የቁልፍ በሚባለው ክፍያ ተገለጠ። የቁልፍ ማለት ሕጋዊ ባለቤት ያልሆነ ተከራይ ሱቁን ለሌላ ሲያስተላልፍ ለመልቀቂያ የሚቀበለው ገንዘብ ነው። ባለቤትነትን አዋጅ ቢሽረውም ጣሪያው የፈጠረው የቦታ መብት አልተሻረም፤ ስሙን ቀይሮ ቀጠለ። የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የከተማ ቦታ በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን በሚከፈል የመጠቀሚያ ዋጋ፣ እንዲሰጥ የሚደነግጉ አዋጆች በ1986፣ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. በተከታታይ ወጡ። በመርካቶ ይህ ማለት በዝቅተኛ ኪራይ የኖረው ባለ አንድ ፎቅ የቆርቆሮ ሱቅ ያረፈበት መሬት ለትልቅ ሕንፃ ሊፈለግ ይችላል ማለት ነበር። በ1990ዎቹ ነጋዴዎች የሰጡት መልስ በአክሲዮን ማኅበር መደራጀት ሆነ፤ በአንድ ተራ ወይም በአንድ ብሎክ ያሉ ሱቀኞች ገንዘባቸውን አዋጥተው የነበሩበትን መሬት በጋራ ይዘው ባለ ብዙ ፎቅ የገበያ ማዕከል ገነቡ። ከዕቁብ ለመጣ ነጋዴ በጋራ ማዋጣት አዲስ ነገር ባለመሆኑ ይህ መልስ ከልማዱ ጋር የተስማማ ነበር፤ ሆኖም ዕቁብ ሁሉንም በእኩል ዕጣ ሲያስተናግድ አክሲዮን የሚያስተናግደው በድርሻ መጠን ነው። በሕንፃዎቹ የመሬት ወለል ላይ ያሉት ሱቆች በዋጋ ሲወደዱ የላይኞቹ ፎቆች በአብዛኛው ለመጋዘንና ለቢሮ ሲውሉ ይታያል፤ በረንዳው ግን በመስታወት ግድግዳ ተዘግቷል። በአሮጌው መርካቶ ከሜዳ ወደ ሱቅ ያሸጋግር የነበረው የመካከለኛው ደረጃ በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ ስፍራ አላገኘም።

የተጨናነቀው አሮጌው ገበያ ያለ እንከን ነበር ማለት ግን አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ የተነሣው እሳት ሱቆች ተደጋግፈው በተሠሩበት፣ ዕቃ እስከ ጣሪያ በተከመረበትና መኪና እንደ ልብ በማይገባበት ስፍራ አደጋ ሲደርስ ምን ያህል ሀብት በጥቂት ሰዓት እንደሚወድም ለሁሉም አሳይቷል። ቀደም ሲልም በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት እንዲዛወር ተደርጓል። በዚህ ጊዜ ከፓሪሱ ታሪክ ጋር የሚመሳሰል ነገር ታይቷል፤ የጅምላ ንግዱ መኪናው ወደሚገባበት ወጥቶ ሄደ፣ በአሮጌው ቦታ ዙሪያ ደንበኛ ያበጁት ትንንሽ ቸርቻሪዎች ግን ገበያቸውን ፍለጋ ተበተኑ።

አሁን ንግግሩ ወደ ጉራጌ ምድር ይመለሳል። እስካሁን ከተነገረው አንጻር አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፦ መርካቶ ላይ ሱቅ የያዘው፣ ሀብት ያፈራው የጉራጌ ነጋዴ በትውልድ አገሩ ከተሞች ለምን ትልቅ የገበያ አዳራሽ አልሠራም? መልሱ፣ በጋራ መዋጮ ከሁሉ አስቀድሞ የሠራው ሌላ ነገር በመሆኑ ነው፤ እርሱም መንገድ ነው። በ1950ዎቹ የተቋቋሙት የጉራጌ የመንገድ ሥራ ድርጅትና የዓለምገና–ወላይታ ሶዶ የመንገድ ሥራ ማኅበር በአዲስ አበባ ከሚኖረው ተወላጅ ነጋዴና ሠራተኛ እንዲሁም ከገጠሩ ገበሬ ገንዘብ አሰባስበው መንገድ ያስጠረጉ፣ ፍቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የጥናት ሥራ ጭምር የተመረመሩ የራስ አገዝ ማኅበራት ናቸው። ወልቂጤ በጣሊያን ዘመን በተሠራው የጅማ መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ቡታጅራ ደግሞ ሁለተኛው ማኅበር በደከመበት የዓለምገና–ሶዶ መስመር ላይ ናት። ነጋዴው ገንዘቡን ጣሪያ ላይ ሳይሆን ጎዳና ላይ ማዋሉ ስሌት የጎደለው ውሳኔ አልነበረም፤ የቤተሰቡን ቅቤና ቆጮ ወደ መርካቶ የሚያደርሰው፣ እርሱንም በመስቀል ወይም በዓረፋ ወደ አባቱ ቤት የሚያመጣው መንገዱ ነበርና።

መንገዱ ያመጣቸው ዕቃዎች ጠባይም ሊታይ ይገባል፤ ስለ አዳራሽ የሚነገረው ብዙው ነገር ዕቃውን ሳያይ የሚነገር ነውና። ቡታጅራ በዘቢዳር ተራራ ሥር፣ በደጋውና በስምጥ ሸለቆው ቆላ መካከል የምትገኝ በመሆኗ የደጋው ገብስና እንሰት ከቆላው በቆሎና ከማረቆው በርበሬ ጋር ይገናኙባታል፤ ወልቂጤ ደግሞ ደጋውን ከጊቤ ተፋሰስ ቆላና ከጅማ መስመር ንግድ ጋር ታገናኛለች። የእነዚህ ዕቃዎች የጣሪያ ፍላጎት አንድ አይደለም። ቆጮ በኮባ፣ ማለትም በእንሰት ቅጠል፣ ተጠቅልሎ ስለሚመጣ መጠለያውን ይዞ ይዞራል፤ በዚያ ላይ በብዛት ተይዞ በአንድ ቀን የሚያልቅ እንጂ ለሳምንት በመደርደሪያ የሚቀመጥ አይደለም። ቅቤ ጥላ ይሻል፣ ግን ነፋስም ይሻል፤ በተዘጋ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ከፀሐዩ ይልቅ ሙቀቱ ያቀልጠዋል። በርበሬ እርጥበትን ይፈራል፣ በጆንያ ሲከማች ደረቅ ወለልና አየር ያስፈልገዋል፣ ብናኙም ከሌላው ዕቃ መራቅን ይጠይቃል። ግድግዳ፣ መዝጊያና ቁልፍ በእርግጥ የሚያስፈልጉት ለልባሽና ለአዲስ ልብስ፣ ለኤሌክትሮኒክስ፣ ለቤት ዕቃ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ከመርካቶ ወደ ወልቂጤና ቡታጅራ የሚመጡ እንጂ ከወልቂጤና ከቡታጅራ የሚወጡ ዕቃዎች አይደሉም። አንድ አዳራሽ ለሁሉም እኩል በሚል በሱቅ ተሸንሽኖ ቢሠራ፣ ሳይታሰብ የሚጠቅመው ከውጭ የመጣውን ዕቃ ሻጭ ነው፤ የአካባቢው ምርት ሻጭ ግን በአራዳ እንደነበረው ያለ ቦታ መብት ይቀራል፣ ልዩነቱ አሁን ዳር የሚቆመው እርሱ መሆኑ ብቻ ነው።

ስለዚህም ለእነዚህ ከተሞች የሚስማማው ሕንፃ ምናልባት አዳራሽ ከሚባለው ይልቅ ግድግዳ የሌለው ሰፊ ጣሪያ ነው፦ ከፍ ያለና ነፋስ የሚያሳልፍ፣ ወለሉ በሲሚንቶ ተነጥፎ ወደ ቦይ ያዘነበለ፣ መሐሉ የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፍበት ስፋት ያለው፣ ዳር ዳሩን ደግሞ መቆለፍ ለሚያስፈልገው ዕቃ ሱቆች የተያያዙለት። እንዲህ ያለ ግንባታ ከባለ ፎቁ ማዕከል በብዙ ይረክሳል። ለዓይን የሚያስደስት የከተማ ምልክት አይሆንም የሚል ተቃውሞ ሊቀርብበት ይችላል፤ ተቃውሞው ሐሰት ባይሆንም ገበያ ለፎቶግራፍ ተብሎ አይሠራም። ዋናው ነገር የወለሉ አብዛኛው ክፍል በማንም ስም ሳይደለደል ለዕለቱ ለሚመጣው ሻጭ በዕለት ደረሰኝ ክፍት ሆኖ መቆየቱ ነው፤ ይህም የሜዳውን የቀን መብት ከጣሪያው ጥቅም ጋር ያስታርቃል።

ይህ የሚሆነው ድልድሉ በሚወሰንበት ጊዜ የሚመለከታቸው ሁሉ ከተገኙ ብቻ ነው። አዳራሽ ሲሠራ ስማቸው በቀላሉ በመዝገብ የሚገባው የንግድ ፈቃድ፣ የከተማ ነዋሪነት መታወቂያና የማኅበር አባልነት ያላቸው ናቸው። ቅቤና ቆጮ ይዘው በሳምንት አንድ ቀን ከገጠር የሚመጡት እናቶች ግን ከእነዚህ አንዱም አይኖራቸውም፤ መብታቸው በዓመታት መገኘት የተመሠረተ፣ ከአጠገባቸው የምትቀመጠዋ ሻጭ ብቻ የምትመሰክርላቸው መብት ነው። በሥራ ቀን፣ በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ በሚጠራ ስብሰባ አይገኙም፣ ጥሪውንም አይሰሙም። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ የድልድሉ ስብሰባ መጠራት የሚገባው በገበያ ቀን፣ በገበያው ሜዳ፣ እነርሱ ሸክማቸውን አውርደው በተቀመጡበት ሰዓት ነው።